በዜሮ ማርሽ

ራሂማ ቢጫውን ሰደርያ የምትለብሰው መኪና ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አጥፋ ከጨርቅ ጥቅልሎቿ መሀል ትወሽቀዋለች፤ ገበያተኛው ለብሳው ካያት መሳቂያ ያደርጋታል። ፊሽካዋ ግን ከአንገቷ አትወርድም። በሻሿ ስር ተንጠልጥላ፣ በተነሳች በተቀመጠች ቁጥር ደረቷን ትነካታለች። ከተሰጣት ጀምሮ አንድም ቀን ነፍታት አታውቅም።

የሰጣት ሳጅን ጸጋዬ ነው፤ ከአርብ ገበያ መውጫ ኬላው ላይ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ። ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል አንድ ሚኒባስ ከነሰዉ ገደል ገብቶ፣ ከተማዋ በአንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ግቢ መቃብር ስታስቆፍር ዋለች። ያን ዕለት ያልጮኸ ሰው አልነበረም። ደረት ተመታ፣ ፊት ተነጨ፣ ሹፌሩ ተረገመ፣ መንገዱ ተረገመ። በሳምንቱ አርብ ግን ያው ደረቱን ሲመታ የዋለ ሰው በዚያው መንገድ፣ እንደዚያው ባለ መኪና፣ አንዱ በአንዱ ጭን ላይ ተደራርቦ ሄደ። ቁልቁለቱ ስም ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚጠራው ጠፋ። «ያ ቦታ» ነው የሚሉት። ስሙን መጥራት የፈራ ሕዝብ እዚያው ላይ ትርፍ ሆኖ መጫንን አልፈራም።

ሳጅን ጸጋዬ ይህን አይቶ አንጀቱ ቢያር ጊዜ፣ በየአርቡ ገበያ መሀል ሞንታርቦ አስተክሎ ድምፁ እስኪዘጋ ለፈለፈ። ቀጥሎም ከየመኪናው አንድ ተመላላሽ ተሳፋሪ «የመኪና አለቃ» እያሰኘ፣ ሰደርያና ፊሽካ እየሰጠ አስተማረ። ሹፌሩ ትርፍ ሲጭን፣ ስልክ ሲያወራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለቱን ማርሹን ዜሮ አድርጎ ሲወርድ አለቃው ፊሽካውን ይነፋል። «ማርሽ ዜሮ ከሆነ መኪናውን ሞተሩ አይዘውም፤ ፍሬኑ ብቻ ነው የሚይዘው። ፍሬን ደግሞ ይግላል፤ ከጋለ አይዝም» ብሎ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። «እኔ ኬላው ላይ ነኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ጥሩ ተናገረ። ነገር ግን አለቃውን ተሳፋሪው ይምረጥ ቢባልም የመረጡት ሹፌሮቹ ናቸው። የነፋስ መውጫው ሚኒባስ ሹፌር ይሁኔ ራሂማን መረጠ። ለምን እንደመረጣት እሷም አይጠፋትም። በየአርቡ ከነፋስ መውጫ የጨርቅ ጥቅልሏን ጣራው ላይ ጭኖ የሚያመጣትም የሚመልሳትም እሱ ነው። ባሏ ሲራጅ ከሞተ ቆይቷል። በከተማው በጣት ከሚቆጠሩት የሙስሊም ቤቶች የአንዱ እመቤት ናት፤ ከሰው ጋር ተካርራ አታውቅም፣ ስትናገርም ድምፅዋ ከጎኗ ላለው ብቻ ነው የሚሰማው። ይሁኔ የፈለገው እንዲህ ያለች አለቃ ነው። ሳጅኑ በበኩሉ ራሂማን ከልቡ ስለሚያምናት፣ ቢጫ ሰደርያዋን በመስኮት ካየ እጁን አወዛውዞ ያሳልፋቸው ጀመር። ሰው እንዳይሞት የተሰፋው ሰደርያ ለይሁኔ የኬላ ማለፊያው ሆነ።

ያን አርብ ራሂማ ልጇን ሙናን ይዛ ነበር። ሙና አርብ ገበያ ከባሏ ቤተሰብ ጋር ነው የምትኖረው፤ ባሏ ሀይደር ነፋስ መውጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ወሯ ገብቶ ነበር። ጠዋት ወገቧን ሲያማት ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ነርሷ ሆዷን ዳብሳ ዳብሳ ፊቷ ተለወጠ።

«ልጁ ተጋድሟል። ምጡ ሳይጠና ዛሬውኑ ነፋስ መውጫ ሆስፒታል መግባት አለባት» አለች።

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ራሂማ ያልሸጠችውን ጨርቅ ጠቅልላ፣ ልጇን ደግፋ መናኸሪያ ስትደርስ የቀረው መኪና የይሁኔ ሚኒባስ ብቻ ነው። እሱም ሞልቷል። መሙላት ማለት እዚያ አገር ወንበሩ መያዙ አይደለም፤ በወንበሮቹ መሀል ጀሪካን ገልብጠው የተቀመጡት፣ በሩ ላይ ጎብጠው የቆሙት ሁሉ ሲቆጠሩ ነው።

«ይሁኔ ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ…»

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚለማመጡኝ እትዬ? ለእርስዎ ቦታ ጠፍቶ ያውቃል?» ይሁኔ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሙናን አየና ከጋቢና አንዱን ሰውዬ አስነስቶ ወደ ኋላ ሰደደው። «ከእኔ ጎን ትቀመጥ። እንደ እንቁላል ነው ይዣት የምወርደው።»

«ቀስ ብለህ ብቻ።»

«እኔ መች ፈጥኜ አውቃለሁ?» ብሎ ሳቀ።

ራሂማ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር፣ ከቤተ ልሔም ደብር በመጡት የድጓ መምህር በየኔታ ተክለ ማርያምና በቅቤ ነጋዴዋ በዘርፌ መሀል ተጣብቃ ገባች። ዘርፌ የቅቤ ቅሏን እንደ ልጅ ታቅፋዋለች። ራሂማ ሰደርያውን አውጥታ ስትለብስ ከኋላ ጀሪካን ላይ የተቀመጠው ተማሪ፣ ካሌብ፣ አጨበጨበ።

«ዳኛዋ ገቡ! እትዬ ራሂማ፣ ዛሬ ኦፍሳይድ እንዳይነፉብን አደራ!»

«ምን ትነፋለች ብለህ ነው?» አለች ዘርፌ። «ፊሽካዋ ለጌጥ ናት። ድሪ ቢጠፋ ጊዜ ነው ያንጠለጠለቻት።»

መኪናው በሳቅ ሞላ። ራሂማም አብራ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ከሙና ማጅራት አልተነቀለም። ሙና አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ አንዱን የመኪናው እጀታ ላይ አድርጋ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

ኬላው ሊታይ ሲል ረዳቱ ዘመኑ፣ የይሁኔ የሚስቱ ወንድም፣ ጣራውን በመዳፉ ደበደበ። «ትርፎች! በባህር ዛፉ በኩል!»

ማንም አላጉረመረመም። የለመዱት ነው። ትርፎቹ እየተቀላለዱ ወረዱ፤ ከኬላው ጀርባ በባህር ዛፉ መሀል ዞረው፣ ከመታጠፊያው ወዲያ መኪናው ይጠብቃቸዋል። ካሌብ ሱሪውን እየሰበሰበ «ስፖርት ነው፣ ስፖርት ነው» እያለ ሮጠ። ሽማግሌ አለ፣ ልጅ ያዘለች ሴት አለች፣ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር እንኳ አለበት። ሁሉም ፖሊስን ያታለሉ ይመስላቸዋል። እያደባ የሚሄደው ግን ሬሳቸው ነው፤ በሁለት እግሩ፣ እየሳቀ።

ሳጅን ጸጋዬ የዝናብ ልብሱን ደርቦ ወደ መስኮቱ መጣ። ከኋላው፣ ከግራሩ ስር፣ የፖሊስ ፒካፑ ቆሟል።

«እንዴት ዋላችሁ? እትዬ ራሂማ፣ ገበያው እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«የወረደ ሰው የለም አይደል?»

ራሂማ ሙናን አየች። አለ ካለች የሚሆነውን ታውቃለች፤ ባለፈው ወር በሌላ መኪና ሲሆን አይታለች። መንጃ ፈቃዱ ይያዛል፣ መኪናው ከግራሩ ስር ይቆማል፣ ተሳፋሪው እየተራገመ እዚያው ያመሻል። ሙናም አብራ ታመሻለች፤ ሆዷ ውስጥ ከተጋደመው ልጅ ጋር። ይሁኔ በመስተዋቱ ውስጥ አያት። ፈገግ ብሏል፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። ሳጅኑን አየችው፤ ሽጉጡን፣ ኮፍያውን፣ ደብተሩን። ከልጅነቷ ጀምሮ የደንብ ልብስ ያየች ቀን መልካም ነገር ገጥሟት አያውቅም።

«የለም» አለች።

«እርስዎ ካሉ አበቃ።» ሳጅኑ የመኪናውን ጎን መታ አደረገ። «ይሁኔ፣ ያ ቦታ ጉም ወርዷል። በከባድ ማርሽ፣ ቀስ።»

«እሺ አለቃዬ!»

ትርፎቹ ከመታጠፊያው ወዲያ ጭቃቸውን እየጎተቱ ገቡ። ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ ወደ ታች ዘነበለ፤ ጉሙም ተቀበላቸው። በቀኝ በኩል ዛፍ ነበረ፣ ጠፋ። የገደሉ አፋፍ ነበረ፣ ጠፋ። ነጭ ነገር ብቻ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ራሂማ የሰማችው። ድምፅ አይደለም የሰማችው፤ የድምፅ መጥፋት ነው። ሲያጓራ የመጣው ሞተር ድንገት ለሰለሰ፣ እንደሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ዝም አለ። ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ብቻ ተሰማ።

ማርሹን ዜሮ አደረገው።

ሌላው ተሳፋሪ ይህን ዝምታ ይወደዋል። ሰው ቀኑን ሙሉ ገበያ ሲጯጯህ ውሎ፣ መኪናው እንዲህ እንደ ጀልባ ሲንሸራተትለት ዓይኑ ይከደናል። «ኧረ ደስ ሲል፣ አልጋ ላይ የተኛሁ መሰለኝ» አለች ዘርፌ፣ ራሷን ቅሏ ላይ ደገፍ አድርጋ። ራሂማ ግን ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ቀዘቀዘች። ዝምታው ውስጥ መኪናው እየከበደ ሲሄድ በመቀመጫዋ ተሰማት። የፊት ለፊቱ ጉም መጀመሪያ ይመጣ ነበር፤ አሁን ይሮጥ ጀመር።

«ይሁኔ፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ ወደ ጆሮው ተጠግታ። «ማርሹን ብታስገባው…»

ይሁኔ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። መኪናው በዚያ ጉም ውስጥ እየወረደ፣ ሙሉ ፊቱን አዞረ። «እትዬ፣ ቤንዚን እኮ የለም። ያለችኝን እንጥፍጣፊ ለዳገቱ ነው የማስቀምጣት። አሁን ባቃጥላት ሙና ቁልቁለቱ ግርጌ ወንዙ ላይ ነው የምትወልደው።»

«እሺ፣ እሺ፤ ፊት ፊቱን እይ!»

ተመልሳ ተቀመጠች። እውነቱን ይሆናል አለች በልቧ። አሥር ዓመት የነዳ ሰው ነው። እኔ ማን ነኝና? ይህ ሐሳብ ስንት ሰው ገደለ! በዚያ መንገድ የሞተ ሁሉ ከመሞቱ በፊት እኔ ማን ነኝና ብሎ ዝም ያለ ነው። እሷም ዝም አለች። ፊሽካዋ ደረቷ ላይ እንደ በረዶ ጠጠር ቀዘቀዘች።

ከዚያ ሽታው መጣ። የሚቃጠል ጨርቅ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። የኔታ ተክለ ማርያም ከእንቅልፋቸው ነቅተው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

«ምን ይከረፋል?»

«ከሰል የሚያከስል ይኖራል የኔታ፤ ከውጭ ነው» አለ ዘመኑ ከበሩ።

ከውጭ አልነበረም። ራሂማ የይሁኔን ጉልበት አየችው። ይረግጣል፣ ያነሳል። ይረግጣል፣ ያነሳል። ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ስፌት መኪና። ወሬውን አቁሟል። ማጅራቱ ላይ ላብ ወጥቶ በኮሌታው ይወርዳል። ፈርቷል። ሹፌሩ ራሱ ፈርቷል፤ ግን አይናገርም። ፈራሁ ከሚል ይህን ሁሉ ሰው ይዞ ቢወርድ ይመርጣል!

እጇ ፊሽካዋን ከሻሿ ስር ጎትቶ አወጣት። እጇ ነው እንጂ እሷ አላወጣችም። ሺህ ነገር በአንድ ጊዜ መጣባት። ብነፋ ይደነግጥና ገደል ይሰደናል። ብነፋ እዚህ ጉሙ መሀል አውርዶን ይሄዳል። ብነፋ ኬላው ላይ ምን ዘግቶሽ ነበር ይሉኛል። ከሚመጣው አርብ ጀምሮ ጨርቄን በጀርባዬ ነው የምሸከመው። ሙና ጋቢናው ውስጥ «ኡህ» አለች፤ ምጥ ይሁን ፍርሃት አልታወቀም።

ራሂማ ነፋች። አፏ ደርቆ ነበርና ትንፋሿ ብቻ ወጣ፤ ፊሽካዋ አልጮኸችም። ከንፈሯን በምላሷ አርሳ፣ «ቢስሚላህ» ብላ እንደገና ነፋች።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የጮኸው ጩኸት የራሷን ጆሮ ሰነጠቀው። የተኛው ሁሉ ተስፈንጥሮ ነቃ፣ ሕፃን አለቀሰ፣ የዘርፌ ቅል ወደቀ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ ይሁኔ። እርስዎነቱ በአንድ ጊዜ ረገፈ። «ልትገድዪን ነው?»

«ማርሽ አስገባ!»

«አርፈሽ ተቀመጪ!» ዘርፌ ክንዷን ጨመደደችው። «ታስደነግጪዋለሽ! ዝም በይ!»

«አስወጧት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ይህን ነገር ከአንገቷ ንጠቋት!»

አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ የፊሽካዋን ገመድ ጎተተ። ራሂማ በጥርሷ ነክሳ ይዛ ነፋች። ገመዱ አንገቷን ሲቆርጣት ነፋች። የዘርፌ ክርን ጎኗን ሲመታት ነፋች። ዕድሜዋን ሙሉ ያላወጣችው ድምፅ በዚያች በጣት በምታክል ፊሽካ ወጣ።

ሙና ወደ ታች፣ ወደ ይሁኔ እግር አየች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ጮኸች።

«እማ! የፍሬኑ ፔዳል ወለሉን ነካ! አልተመለሰም!»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ገመዱን የያዘው እጅ ለቀቀ። «ማርያም!» «ያ አላህ!» «ወይኔ ልጆቼ!» ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና ክላክስ እንደ ቀንድ ጮኸ፤ የት እንዳለ አይታይም፣ ግን ቅርብ ነው።

«ማርሽ!» አለች ራሂማ፣ ፊሽካውን ከአፏ አውጥታ። «ማርሽ አስገባ ይሁኔ! ወደ ተራራው!»

ይሁኔ ማርሹን በሁለት እጁ ገፋው። ብረት ብረትን በላ፤ አልገባም። እንደገና ገፋው። ገባ። ሞተሩ ነቅቶ እንደታረደ በሬ ጮኸ፣ መኪናው ከስር ተይዞ ተንገጫገጨ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት ተወረወረ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ጥግ ጠመዘዘ። የጭነት መኪናው መብራት ከጉሙ ውስጥ ሁለት ዓይን ሆኖ ወጣ፣ ክላክሱን እየነፋ በቀኝ በኩል፣ በገደሉ በኩል፣ ለጥቂት አለፈ። የእነሱ መኪና ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ጎኑን ከቋጥኙ ጋር እያፋጨ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።

ከዚያ ፀጥ አለ። ይህኛው ፀጥታ ከፊተኛው ይለያል፤ የሚተነፍስ ሰው ነበረበት።

ራሂማ በሰው ላይ ተረማምዳ ወጣች። የጋቢናውን በር ከውጭ ከፍታ የሙናን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ሙና ግንባሯ ተጭሯል። ሆዷን ታቅፋለች።

«ይንቀሳቀሳል? ሙንዬ፣ ይንቀሳቀሳል?»

ሙና ዓይኗን ጨፍና ሆዷን ዳበሰች።

«ይንቀሳቀሳል» አለች ሙና። «እማ፣ ግን ያመኛል። ቶሎ ቶሎ ያመኛል።»

ሰዉ አንድ በአንድ ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። አፍንጫው የሚደማ አለ፣ ጥርሱ የተሰበረ አለ፣ የሞተ ግን የለም። የጭነት መኪናው ሹፌር ወደ ታች ሮጦ መጥቶ ጎማው ስር ድንጋይ አስገባ፤ ጎማው ይጨሳል። ካሌብ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ሳጅን ጸጋዬ ጋ ደወለ። ሳጅኑ በሞንታርቦ ሲለፍፈው የኖረውን ቁጥር የማያውቅ አልነበረም፤ የደወለለት ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ነፍስ ከተመለሰች ወዲያ ደግሞ ምላስ ተመለሰች። ዘርፌ የተሰበረ ቅሏን አንስታ ቅቤው ጭቃ ላይ ሲፈስ አየች፤ ከዚያ ራሂማን አየች።

«ይቺ ናት! እልም ያለ እንቅልፍ ተኝተን በሰላም ስንሄድ ነፍታ አስደነገጠችው! ምን አድርገንሽ ነው?»

«እውነት ነው፣ ደንግጦ ነው» አለ ዘመኑ። «ዝም ብትይ ኖሮ ይህን ጊዜ ወንዙ ዘንድ ነበርን።»

ወንዙ ዘንድስ በነበሩ፤ ያለፈው ዓመት ሰዎችም የተለቀሙት ወንዙ ዘንድ ነው። ራሂማ ሙናን ደግፋ ቆማለች። ይሁኔ የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩ የሚረግጠው ነገር ሳይኖር ይረግጣል። ሁሉም አዩት። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር።

«ፊሽካዋ ናት» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እኔ ይዤው ነበር።»

ፒካፑ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ ሳጅን ጸጋዬ ሳይቆም ዘሎ ወረደ። መጀመሪያ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው አየ። በዓይኑ ዞረበት። ከአንድ ሚኒባስ ሊወጣ የማይችል ብዙ ሰው ነው። ከዚያ ዓይኑ ቢጫው ሰደርያ ላይ አረፈ። ራሂማ መሬቱ ቢውጣት በወደደች።

«ሳጅን፣ ይቺ ሴትዮ…» ብላ ጀመረች ዘርፌ።

«ዋሸሁህ» አለች ራሂማ። ድምፅዋ ፊሽካውን ከነፋችበት ጊዜ ጀምሮ ጎርንኖ የሌላ ሰው መስሏል። «ሰው ወርዶ ነበር፣ ዋሸሁህ። ልጄ ልጅ ተጋድሞባታል። መኪናውን ታቆመዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

ሳጅኑ ሙናን አየ፣ ሆዷን አየ፣ ከዚያ ዞሮ የራሱን ፒካፕ አየ።

«እናቴ» አለ ቀስ ብሎ። «መኪና ነበረኝ እኮ። ከግራሩ ስር ቆሞ ነበር። ለምን አልነገሩኝም? እኔ አደርሳት ነበር።»

ራሂማ መኪናውን አይታዋለች። ዓይኗ እያየው እዚያ ቆሞ ነበር፤ ለእሷ ግን መኪና አልነበረም፣ ፖሊስ ነበር። ኬላው ላይ በዚያ ሁሉ ፍርሃቷ ውስጥ ያልፈራችው አንድ ነገር ቢኖር ሊገድላት የነበረውን የይሁኔን መኪና ብቻ ነው። ሳጅኑም ከንፈሩን ነከሰ። «እኔም ልቆጥር ይገባኝ ነበር» አለ። «እርስዎን አይቼ በሩን እንኳ አልከፈትኩም።»

«ፊሽካዋ ናት ያስደነገጠችው!» አለች ዘርፌ፣ አሁንም።

የኔታ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከቋጥኙ ስር ነበሩ። «ሽታው ፊት መጣ፣ ፊሽካው በኋላ» አሉ። «እኔ ሽታውን ሸትቼ ዝም ብያለሁ። እሷ ዝም አላለችም። የምመሰክረው ይህን ነው፤ ፍርድ ቤትም ብትወስዱኝ ይህንኑ ነው።» ዘርፌን ዞረው አዩዋት። «አንቺም ሸትተሻል።»

ዘርፌ የተሰበረ ቅሏን አገላበጠች።

ሳጅኑ አብሮት ለመጣው ባልደረባው መኪናውን፣ ይሁኔንና መንጃ ፈቃዱን አስረክቦ ሙናን ፒካፑ ውስጥ አስገባ። ራሂማ አብራት ገባች። ስልኳ ጠራ፤ ሀይደር ነው። «የት ደረሳችሁ?» አለ። «እየመጣን ነው» አለችው።

ከቁልቁለቱ ገና ግማሹ ይቀራል። ጉሙ አልተነሳም። ሳጅኑ ሞተሩን አስነስቶ ከባዱን ማርሽ አስገባ፤ ፒካፑ እያጓራ፣ እየተንገራገጨ፣ የሰው እርምጃ በምታህል ፍጥነት መውረድ ጀመረ። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ይንቀጠቀጣል። ከቀኝ በኩል ነጩ ባዶ ነገር አሁንም አብሯቸው ይወርዳል፤ ራሂማ እንዳታየው ዓይኗን ከሙና ፊት አላነሳችም።

ሙና የእናቷን እጅ ጨምቃ አንድ ምጥ አሳለፈች። ላቧ ሲወርድ ጥርሷን ነክሳ ወደ ፊት አየች።

«እማ፣ ራሴን ሊያፈርሰው ነው። ይህን ጩኸት አስቁሚልኝ።»

ራሂማ ፊሽካውን አሁንም በጡጫዋ እንደጨበጠችው አስተዋለች። ጣቶቿ አልፈታ አሏት።

«ይጩህ ልጄ» አለች። «ተይው፣ ይጩህ።»